ምስጋና ለቸርችል ጎዳናዋ የትኬት ቢሮ እህታችን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ ካለችው የደሴቶች አገር፣ ከኮሞሮስ፣ በሰላም ተመልሰናል። እናቴ "ያቺን ልጅ በሰው ፊት ሳታመሰግን እንዳትቀር" ስላለችኝ ይኸው ቃሌን ልፈጽም።

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሲላካንት ስለሚባለው ዓሣ ተማሪዎቼን ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ከዳይኖሰሮች ጋር አብሮ ጠፍቷል ሲባል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ ላይ በሕይወት ተገኘ፤ ሁለተኛው የተያዘው በ1952 ኮሞሮስ ውስጥ፣ አንጁዋን ደሴት አጠገብ ነው። አገሪቱን በዓይኔ የማየት ምኞት ያደረብኝ ያኔ ነው። የጋብቻችን አሥራ አምስተኛ ዓመት ሲቃረብ ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምናትን ይዘን ተነሣን።

መጀመሪያ የሄድኩበት ቢሮ (ስሙ ይቆየን) "አራቱንም ደሴት በአንድ ጥቅል አዞራችኋለሁ" ብሎ ቀብድ ሊቀበለኝ ነበር። የሥራ ባልደረባዬ "ቆይ፣ አንድ ልጅ ላሳይህ" ብሎ ቸርችል ጎዳና፣ ከፖስታ ቤት ከፍ ብላ ካለች ጠባብ ክፍል ወሰደኝ። ልጅቷ ወረቀቴን አንብባ "መምህር፣ አራተኛዋ እኮ ማዮት ናት" አለችኝ። "ባንዲራቸው ላይ አራት ኮከብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ነፃ ሲወጡ ግን ማዮት በፈረንሳይ ሥር ቀርታለች። ቪዛዋን የምትሰጠው ፈረንሳይ ናት። የኮሞሮስን እዚያው አየር ማረፊያ ታገኛላችሁ፤ በዚያ ግን ማዮት አትገቡም።" ቀብዴን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚውጠኝ እንጃ።

እኔ ያሰብኩት ለገና ሰሞን ነበር። እሷ የቀን መቁጠሪያዋን አውጥታ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ እዚያ ሙቀቱና ዝናቡ እንደሚበረታ አስረዳችኝ። በእኛ ክረምት ነው የሚሻለው፤ ትምህርት ቤትም ይዘጋል። ቀጥላ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀችኝ፦ "ፍልሰታን ትጾማላችሁ?" አዎ ስላት ጉዞውን ከነሐሴ 16 በኋላ፣ መመለሻውን ለዘመን መለወጫ አደረገችልን። ዶሮውን ቤታችን በላን።

ሞሄሊ ደሴት ለመሄድ ከዋና ከተማዋ ከሞሮኒ ትንሽ አውሮፕላን አለ፣ በዚያው ደሴት ደቡብ ዳርቻ ካለችው ከቺንዲኒም ጀልባ አለ። ጀልባው ርካሽ ስለሆነ እሱን መርጬ ነበር። "ባሕሩ ክፍት ነው፣ በዚያች ጀልባ አልሰዳችሁም" ብላ እምቢ አለች። የአገር ውስጡ በረራ ደግሞ ስለሚዘገይ፣ ከመመለሻችን በፊት ሞሮኒ ውስጥ ሁለት ባዶ ቀን እንድንተው አጥብቃ ያዘችን። ለሆቴል ተጨማሪ ወጪ ነው ብዬ ተከራክሬያት ነበር። የሞሄሊው በረራ በእውነትም አንድ ቀን ሙሉ ዘገየ፤ እነዚያ ሁለት ቀናት ባይኖሩ የአዲስ አበባው አውሮፕላን ጥሎን ይሄድ ነበር።

ገንዘቡንም ዩሮ በጥሬው፣ በትናንሽ ኖት እንድንይዝ ነገረችን። ፍራንካቸው ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ አንዱ ዩሮ ሁልጊዜ 492 ፍራንክ ገደማ ነው። ካርድ ብዙ ቦታ አይሠራም። ቢጫውን የክትባት ካርድና የወባ መከላከያ ክኒንም አስታወሰችን፤ አዲስ አበባ ላይ ወባ ስለሌለ እንዘነጋዋለን።

ከሁሉ በላይ ግን የማልረሳላት ለእናቴ ያደረገችው ነው። እናቴ ኮሞሮስ ሲባል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ እዚያ ባሕር ላይ የወደቀውን አውሮፕላናችንን። "አትሄዱም" ብላ እህል ውሃ እምቢ ስትል ይዣት ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችላት፣ እሷ በርጩማ ስባ እግሯ ሥር ተቀመጠች። "ድሮ ነው፣ ይርሱት" አላለቻትም። "እውነት ነው እማማ፣ 175 ሰው ተሳፍሮ 125ቱ አልፏል" አለቻት። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ካፒቴን ልዑል አባተ እንዴት ወደ ዳርቻው እንዳስጠጋው፣ የአገሩ ሰዎችና እንግዶች በጀልባ እየሄዱ የተረፉትን እንዴት ከውሃ እንዳወጡ ቀስ ብላ ነገረቻት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ብዙ ቆየች። ከዚያ "ሰው ሲሰጥም ቆሞ የማያይ ሕዝብ ነዋ" አለች። "በሉ ሂዱ። እዚያ ዳርቻ ስትደርሱ ግን አባታችን ሆይ በሉልኝ።"

ልጅቷ ይህንንም ሰምታ፣ አንድ ከሰዓት ወደ ሰሜኑ ጫፍ ወደ ሚትሳሚውሊ የሚወስደንን መኪና ከጉዟችን ጋር አያያዘችልን፤ ለዚህ ሳንቲም አልጨመረችብንም። ከባለቤቴ ጋር አሸዋው ላይ ቆመን ጸለይን። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር።

ሞሄሊ ላይ፣ ኢትሳሚያ መንደር፣ ሌሊት አረንጓዴ የባሕር ኤሊ እንቁላል ልትጥል ስትወጣ አየን። ጉድጓዷን ስትቆፍር አሸዋው እግራችን ላይ ይረጭ ነበር፣ ትንፋሿ ይሰማል። "የስልክ መብራት እንዳታበሩ፣ የመንደሩን አስጎብኚ ሳትይዙም እንዳትወጡ" ያለችንም እሷው ናት። ስለ ሲላካንቱ ለተማሪዎቼ የምነግረው አሁን ሌላ ነው፤ የባሕሩን ቀለም ጭምር ነው።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ። እናቴ መርቃሻለች።

ስሟንና ስልኳን ሳላስፈቅዳት እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ወረፋ አለ፣ እሷም አንዱን ሰው ሳትጨርስ ሌላውን አትጠራም።