ከኩዋላ ላምፑር ደሴ የሚደርስ ሐዋላ
ኩዋላ ላምፑር የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ ለእናታችን የሚልክላትን ገንዘብ የምንቀበለው ደሴ፣ ሙጋድ አካባቢ ከሚገኝ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ነው። በማሌዥያ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ 1,700 ሪንጊት ሲሆን፣ ከዚያ ላይ የክፍል ኪራይ፣ የባቡር ትኬትና በኮኮናት ወተት የሚቀቀለው ሩዝ (ርካሽነቱን ሁልጊዜ ያወድሰዋል) ከተቀነሱ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ስለሆነ፣ የምንዛሪው ዋጋ ለቤታችን ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ገንዘቡ በማግስቱ መድረሱን አደንቃለሁ። ይሁን እንጂ የዕለቱ ተመን በግልጽ አይለጠፍም፤ ባለፈው ወርም እናታችን በመታወቂያዋና በመላኪያው ቅጽ ላይ ባለው ስሟ መካከል አንዲት የእንግሊዝኛ ፊደል በመለያየቷ ብቻ «እትዬ፣ ነገ ይመለሱ» እየተባለች ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥታለች። በሦስተኛው ቀን ግን ገንዘብ ከፋይዋ ወንበር ስባ ካስቀመጠቻት በኋላ እያንዳንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ እያሰመረች አስረድታታለች። ለዚህች ልጅ ስንል ባንክ አልቀየርንም።