ታርጋው የመኪናው ነው፤ ለአንዲት እናት የቀረበ ምስጋና

በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ በተለይ ኦቲዝም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወገኖቼ፤ ይህን የምጽፈው ለልጃችን ሲባል የአካል ጉዳተኛ ማቆሚያ ታርጋ እንድናወጣ ላገዙን አንዲት እናት ያለኝን ምስጋና በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። የማመሰግናቸው ሴት ስማቸውን እንዳልጽፍ አስጠንቅቀውኛል። «ስሜ ከተጻፈ ነገ በሬ ላይ ሰልፍ ይሆናል፤ ያለኝ ደግሞ አንድ የእንግዳ ወንበር ነው» ብለዋል። በቤይሊስ ክሮስሮድስ አካባቢ፣ በአንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ የግብር፣ የኢሚግሬሽንና የመኪና ወረቀት የሚሞሉ እናት ናቸው፤ ይህን ያህል ይበቃል።

ልጃችን 7 ዓመቱ ነው። ድምፅ ያመዋል። አይረብሸውም አላልኩም፣ ያመዋል ነው ያልኩት። የመጸዳጃ ቤት እጅ ማድረቂያ፣ የአምቡላንስ ጩኸት፣ አስፋልት ላይ የሚንገጫገጭ ባዶ የገበያ ጋሪ። ባለፈው ጥቅምት ከአንድ ትልቅ መደብር ፊት ለፊት፣ ቦታ አጥተን ጥጉ ላይ መኪና አቁመን ወደ በሩ ስንሄድ፣ አንድ ሠራተኛ የቅጠል መንፊያውን ሞተር አስነሳ። ልጁ እጄን መንጭቆ በቆሙት መኪኖች መካከል ሮጠ። ወደ ኋላ ትወጣ የነበረች መኪና ፊቱ ላይ ደርሳ ቆመች። ሾፌሯን እንኳ አላመሰገንኳትም፤ ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ፣ ከበሩ አጠገብ ለአካል ጉዳተኞች የተከለለው ማቆሚያ ለእኛም ይፈቀድ እንደሆነ መጠያየቅ ጀመርኩ። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ያገኘኋት እንግዳ ተቀባይ «ልጁ እኮ ይራመዳል» ብላ መለሰችኝ። እውነቷን ነው፣ ይራመዳል። መከራችንም እሱ ነው። ለዚያ ማቆሚያ የሚያስፈልገውን ልዩ ታርጋና ካርድ ማመልከቻ ቅጽ ራሴ ከዲኤምቪ፣ ከመኪና ምዝገባው መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ አውጥቼ ሳነበው ደግሞ ዓይኔ የገባው ሳያርፍ 200 ጫማ መሄድ ስለማይችል ሰውና ኦክስጅን ተሸክሞ ስለሚንቀሳቀስ ሕመምተኛ የሚናገረው ክፍል ነው። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ባለቤቴ ነገሩን መስማትም አልፈለገችም። «ልጄ ላይ ታርጋ አይለጠፍበትም!» አለች። በአማርኛችን ይህ ቃል ምን ያህል እንደሚቆረቁር ታውቃላችሁ፤ እኔም አፌን ያዝኩ።

እኚህ እናት ዘንድ የሄድኩት ለግብር ነበር። ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው፤ የዓመቱን ማይልና የነዳጅ ደረሰኝ በላስቲክ ከረጢት ተሸክሜ፣ ልጁንም የድምፅ መከላከያውን ጆሮው ላይ አድርጌለት ገባሁ። እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ደረሰኞቹን ገፋ አደረጉና «ማቆሚያው ላይ እንዴት ትሆናላችሁ?» አሉኝ። እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የጥቅምቱን ነገርኳቸው።

ሜድ 10 የሚባለውን ያንኑ ቅጽ አወጡ። የመራመዱን ክፍል አልፈው ዝቅ አሉና በእርሳስ አንድ መስመር አከበቡ። ሲራመድ ለራሱ ደኅንነት የሚያሰጋ ሰውም ይፈቀድለታል ይላል። ኦቲዝም በስሙ ተጽፏል። የመርሳት ሕመም አለ፤ ዓይነ ስውርነትና መስማት መሳንም አሉ። «ሰው ሁሉ "መራመድ" የሚለውን ሲያይ ይመለሳል፤ ከታች ያለውን የሚያነበው የለም» አሉ። ሐኪሙ የቱ ላይ ምልክት ማድረግና የቱ ላይ መፈረም እንዳለበት በትንንሽ ቢጫ ወረቀት ለጠፉልኝ። ሐኪሙ ፈረመ፤ ነገሩ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ታርጋና ካርድ ለይተው ማስረዳታቸው ነው። ታርጋው ከመኪናው አይለይም፤ መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው ሰማያዊ ካርድ ግን ልጁን ተከትሎ ከመኪና መኪና ይሄዳል። ቋሚው ካርድ ለ5 ዓመት ያገለግላል፣ ክፍያውም 5 ዶላር ነው። «ያንተ መኪና ተሳፋሪ ትጭናለች። ልጁ ሳይኖር በዚያ ቦታ ብትቆም ጥፋት ነው። ታርጋው ለእናቱ መኪና ይሁን፣ ካርዱን አንተ ያዝ» አሉኝ። ካርዱ እየነዱ እንደማይሰቀል፣ ከማቆሚያው ጎን ያለው ባለ ሰረዝ ቦታም የተሽከርካሪ ወንበር ማውረጃ ስለሆነ ለአፍታም እንደማይቆምበት ነገሩኝ። በዚህ ቀልድ አያውቁም። እናቱን ቤት ትቶ በእናቱ ካርድ ሲጠቀም ያዩትን አንድ ደንበኛቸውን «ሌላ ሰው ፈልግ» ብለው እንደሸኙት ሰምቻለሁ።

ባለቤቴን በሁለተኛው ቀን ይዣት ሄድኩ። እሳቸው አልተከራከሯትም። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያሉ ልጆች በጓዳ ይደበቁ በነበረበት ዘመን፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የራሳቸውን ልጅ ሁኔታ በአደባባይ ተናግረው እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን እንደከፈቱ አወሩላት። ቀጥለውም «የኔ ልጅ፣ ይህ ታርጋ የሚለጠፈው መኪናሽ ላይ ነው። ልጅሽ ላይ ሊለጥፍ የሚፈልግ ሰው ያለዚህም ይለጥፋል» አሏት። ባለቤቴ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና እስክሪብቶ ጠየቀች።

ሁሉን ነገር ተቀበለች ማለት አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ በመታወቂያ ካርድ ላይ የኦቲዝም ምልክት ማስጻፍም ይቻላል፤ እሱን «ሲያድግ ራሱ ይወስን» ብላለች። እኔ ግን ዳላስ ያለውን የዘመዴን ልጅ አስባለሁ። መስማት የተሳነው ሾፌር ነው። በቴክሳስ ከ2019 ጀምሮ ከፖሊስ ጋር መነጋገር የሚያስቸግረው ሰው ያንን ከመኪናው ምዝገባ ጋር ማስያዝ ይችላል፤ ፖሊሱ የታርጋውን ቁጥር ሲያጣራ፣ ገና ወደ መስኮቱ ሳይጠጋ ያውቀዋል። ልጃችን አንድ ቀን መሪ ቢይዝ ይህ ዓይነቱ ነገር እንዲኖረው እመኛለሁ። ከባለቤቴ ጋር ገና እየተነጋገርንበት ነው።

እንግዲህ ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ። ስልክ አያነሱም። ወረቀት አጉድሎ የመጣን ሰው ሳያፍሩ ይመልሳሉ፤ እኔንም አንዴ መልሰውኛል። አንብቤ ሳልጨርስ ልፈርም ስል እጄን መታ አድርገውኛል፣ በዚህ ዕድሜዬ። ለታርጋው ሥራ ምንም አልቀበልም አሉ፤ ከግብሩ ሒሳብ ግን አንድ ሳንቲም አልቀነሱልኝም።

አሁን ከበሩ እስከ መኪናችን ያለው መንገድ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ልጁ ራሱ ይቆጥረዋል፣ በአማርኛ። ባለፈው እንጀራ ልንገዛ ቆመን ሳለ አንድ ወገናችን «ወንድሜ፣ ይህ እኮ ለአካል ጉዳተኛ ነው» አለኝ። አልተቆጣሁም፤ ታርጋውን አሳየሁት፣ ልጁ ከእነ ጆሮ መከላከያው ሲወርድም አየ። እንጀራውን እሱ ተሸከመልን።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ እልካለሁ። ስትሄዱ የመኪናችሁን ምዝገባና የልጁን የሕክምና ወረቀት ያዙ። ከጥር እስከ ሚያዝያ አጋማሽ የግብር ወረፋ ስለሚበዛባቸው፣ ለታርጋ የምትሄዱ ጠዋት በሩ ሳይከፈት ድረሱ።