ሴንሰር የተሸመነባቸው ካልሲና ሸሚዝ፦ ከአፑ በፊት ጨርቁን እዩ

ስማርት ልብስ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚከፍተው አፑን ነው። አፑ ግን ጨርቁ የሰጠውን ከማሳየት አያልፍም። ልብሱ ልክ ካልሆነ ወይም እጥበት ከጎዳው፣ ስልኩ ላይ የሚታየው ያማረ ግራፍ አያሳምንም።

ለአረማመድ ክትትል የሚሆነው ካልሲው ነው። ሴንሶሪያ የተባለው ኩባንያ ካልሲ በእያንዳንዱ እግር ሦስት የግፊት ሴንሰሮች አሉት፦ አንዱ ተረከዝ ላይ፣ ሁለቱ ከአውራ ጣትና ከትንሿ ጣት ሥር። ቁርጭምጭሚት ላይ የሚገጠም ትንሽ መሣሪያ መረጃውን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል። ሴንሰሮቹ የሚሰጡት ቁጥር ኪሎ አይደለም። ላብ፣ ሙቀትና የጫማ ጥበት ያዛባዋል፤ ስለዚህ «ቀኝ እግር ላይ ይህን ያህል ክብደት አረፈ» የሚል ውጤት አትጠብቁበት። የሚታመነው ጊዜን ሲለካ ነው፦ ተረከዝ መቼ ነካ፣ ጣት መቼ ተነሳ፣ የትኛው እግር መሬት ላይ ቆየ። በጤናማ አረማመድ አንድ እግር ከአንድ የእርምጃ ዙር (ተረከዙ መሬት ከነካ ዳግም እስኪነካ) 60 በመቶ ያህሉን መሬት ላይ፣ ቀሪውን አየር ላይ ያሳልፋል። ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚለያዩ ከሳምንት ሳምንት መከታተል መቻሉ ለፊዚዮቴራፒ ብቻውን ካልሲውን ያስገዛል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን የግራና የቀኙ መሣሪያ የየራሳቸው ሰዓት እንዳላቸው ነው። በእርምጃ መሀል ሁለቱም እግሮች አብረው መሬት ላይ የሚሆኑበት ቅጽበት አንድ አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ነው። ሰዓቶቹ በ50 ሚሊሰከንድ ከተዛነፉ ግማሹ ልኬት ስህተት ሆነ ማለት ነው። መላው ቀላል ነው፦ ልኬቱ ሲጀመርና ሲያልቅ እግር ገጥሞ አንዴ መዝለል። መዝለል ለማይችል ሰው ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ላይ ይዞ ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጎ መምታት ይበቃል፤ ውስጣቸው እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰር አለና ምቱን ይመዘግባሉ። ግራፉ ላይ ሁለቱ ሹል ጫፎች ካልተገጣጠሙ ያን ቀን የተለካውን መጣል ነው። የንባብ ፍጥነቱንም ጠይቁ። በሰከንድ 100 ጊዜ የሚያነብ መሣሪያ በየ10 ሚሊሰከንዱ ያያል፤ 32 ጊዜ የሚያነብ ግን በየ31 ሚሊሰከንዱ ነው፣ ለእርምጃ ቆጠራ ካልሆነ አይረባም።

የሚያሳዝነው፣ ካልሲው ይበልጥ የሚቸገረው ይበልጥ በሚያስፈልጋቸው ሰዎች ላይ መሆኑ ነው። እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ተረከዙን አጥርቶ ስለማያሳርፍ አፑ እርምጃውን ይዘለዋል። 20 እርምጃ በአፍ እየቆጠሩ ከአፑ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው። በስኳር ሕመም እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች ደግሞ የስፌቱ እጥፋት ሲቆረቁራቸው አይሰማቸውም፤ ካልሲው እንደወለቀ የእግርን መዳፍ በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

ሸሚዙ ላይ ብዙ መናገር አያሻም። ሄክሶስኪን የተባለው ሸሚዝ የልብን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 256 ጊዜ ያነባል፣ ትንፋሽን ደረትና ሆድ ላይ ይለካል። ባለ አንድ መስመር ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምዝገባ) ስለሆነ የልብ ምት ፍጥነትን ለመከታተል ጥሩ ነው፤ ሆስፒታል ያለውን ባለ 12 መስመር ግን አይተካም። ኤሌክትሮዶቹ፣ ማለትም የልብን ኤሌክትሪክ ከቆዳ የሚቀበሉት የጨርቁ ክፍሎች፣ በደረቅ ቆዳ ላይ የተዛባ ምልክት ይሰጣሉ። ከመልበስ በፊት በውሃ ወይም በጄል አርጥቧቸው፣ ጥቂት ደቂቃም ጠብቁ። በሁለት የልብስ ቁጥር መሀል የዋለለ ሰው ጠባቡን ይውሰድ፤ ጨርቅ ቆዳ ላይ ከተንሸራተተ ልብ ሳይፈጥን የፈጠነ ይመስላል።

ልብሱን የሚገድለው እጥበት ነው። መሣሪያውን አውልቁ፣ ልብሱን ገልብጣችሁ መረብ ከረጢት ውስጥ ክተቱት፣ በቀዝቃዛ ወይም እስከ 30 ዲግሪ በሞቀ ውሃ እጠቡ። በረኪና ክሩ ላይ ያለውን የብር ማዕድን ያበላሻል፣ የልብስ ማለስለሻም ኤሌክትሮዱ ላይ ሽፋን ይተዋል። መጭመቅ፣ መተኮስና በማሽን ሙቀት ማድረቅ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ክር ይሰብራል። መሣሪያው የሚገናኝባቸውን የብረት ቁልፎች ላብ ስለሚያዝጋቸው በደረቅ ጨርቅ ጥረጓቸው።

ልብሱ አዲስ እያለ የመልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) አንድ ጫፍ የሸሚዙ ኤሌክትሮድ ላይ፣ ሌላውን መሣሪያው የሚገናኝበት የብረት ጫፍ ላይ አሳርፋችሁ የሚያሳየውን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) በወረቀት ያዙ፤ ጨርቁን አትውጉት። በየወሩ ድገሙት። ቁጥሩ በብዙ እጥፍ ካሻቀበ፣ ወይም ጨርቁን ሳብ ስታደርጉት ከዘለለ፣ ክሩ ተበጥሷል፤ አፑን ማዘመን አያድነውም።