የሞተር እግር ወይስ ዊልቸር? ከቱሉ ዲምቱ ሲታይ

የአክስቴ ልጅ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ይኖራል። ከወገቡ በታች አይንቀሳቀስም። ሰሞኑን በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ፤ እንደሱ ያለ ሰው እግሩ ላይ ሞተር ታጥቆ ይራመዳል። "ለኛ ሰፈር ይሆናል?" አለኝ።

ሪዎክ የሚባለው ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2014 ፈቅዶለታል። ሰውየው ደረቱን ትንሽ ወደፊት ሲያዘነብል ዳሌና ጉልበት ላይ ያሉት ሞተሮች እግሩን ያራምዳሉ። ክራንች ግን አይቀርም፤ አጠገብ የሠለጠነ ረዳትም ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ የፈጠረው እስራኤላዊው አሚት ጎፈር እጆቹም ስለተጎዱ ራሱ ሊጠቀምበት አልቻለም።

የአክስቴ ልጅ ዊልቸር ፈጣን ነው፤ አስፋልት ላይ እኔን ይቀድመኛል። ኮብልስቶን ላይ ግን ትንንሾቹ የፊት ጎማዎች ድንጋይ መሀል ይሰነቀራሉ። ወደኋላ ደገፍ ብሎ ፊቱን ብድግ እያደረገ ነው የሚያልፈው። የክረምቱ ጭቃማ አይነሳ! ቢሆንም ጎማው ሲተነፍስ ጎሚስታ አለ። የሪዎኩ ሞተር ቢበላሽ ግን ማን ይፈታዋል? ጭቃው ላይ ክራንቹ ቢያንሸራትትስ?

ዋጋውም በአሥር ሺዎች ዶላር ነው። መቆም ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከሰው ጋር ዓይን ለዓይን ያስተያያል።

"ለጊዜው ዊልቸሩን ይዘህ በሩ ላይ ራምፕ እናሠራ" አልኩት።

"እሺ፣ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለውን ጀበናስ ማን ያወርድልኛል?" ብሎ ሳቀ።