ለምግብ ባንክ ምግብ ይሻላል ወይስ ገንዘብ?

የመጀመሪያው የምግብ ባንክ በ1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በፊኒክስ ከተማ ተከፈተ። ሀሳቡ ቀላል ነበር፦ ሊጣል የነበረን ደህና ምግብ ሰብስቦ ለተራበ ማድረስ። ዛሬ መርዳት የፈለገ ሰው ግን የቱን ልስጥ ብሎ ያመነታል።

ወጪ
ምግብ፦ በችርቻሮ ዋጋ ገዝታችሁ ነው የምትሰጡት።
ገንዘብ፦ ትልልቆቹ የምግብ ባንኮች በጅምላ ይገዛሉ። ከገበሬና ከፋብሪካ በነጻ የሚያገኙትም ብዙ ነው። የሚቸግራቸው የመኪናው ነዳጅና የማቀዝቀዣው መብራት ነው፤ ይህን ደግሞ በፓስታ መክፈል አይቻልም። ስለዚህ ያው ገንዘብ ብዙ ሰው ያበላል።

ድካም
ምግብ፦ መግዛትና መሸከሙ የእናንተ ነው። መጋዘን ሲደርስ ሌላ ሥራ ይጀመራል። በጎ ፈቃደኛዋ እያንዳንዱን የምግብ ቆርቆሮ አንስታ ታገላብጣለች፣ የማብቂያ ቀኑን ታነባለች፣ ጠርዙን በጣቷ ትዳስሳለች። ካበጠ ወይም ካፈሰሰ ይጣላል።
ገንዘብ፦ በስልክ ሁለት ደቂቃ።

ስጋት
ምግብ፦ የማይፈለግ ነገር ሊከማች ይችላል።
ገንዘብ፦ የት እንደገባ በዓይን አይታይም። የሂሳብ ሪፖርት ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

እኔ ለትልቅ የምግብ ባንክ ገንዘብ አስቀድማለሁ፣ በተለይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከሆነ። ሰፈር ውስጥ ላለች ትንሽ የምግብ ማደያ ግን ምግቡ ራሱ ይበልጥ ይጠቅማል። ደውላችሁ ምን እንደጎደለ ጠይቁ። የሕፃናት ወተት ካሏችሁ ወተቱን ይዛችሁ ሂዱ። ልጆቻችሁን መስጠት ማስተማር ከፈለጋችሁም፣ ከረጢቱን እነሱ ይሙሉት።