ቋሚ ቅጥር ወይስ የአጭር ጊዜ ውል?

ዩኒቨርሲቲ መምህር ሲፈልግ ሁለት መንገድ አለው፤ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል፣ አለበለዚያም ከሙከራ ጊዜ በኋላ የሚጸና ቋሚ ቅጥር።

ውሉ ለአስተዳደሩ ይመቻል። ተማሪ ሲበዛ ፈጥኖ ይቀጥራል፤ በጀት ሲጠብ አያድስም። የወሊድ ወይም የምርምር ፈቃድ የወጣ መምህርን ለመተካት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ቋሚ ቅጥር ውድና ዘገምተኛ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣው የአካዳሚክ ነፃነት መርሆዎች መግለጫ የሙከራ ጊዜው ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ይህም ራሱ ረጅም ነው። ደካማ መምህር ምዘናውን ካለፈ ደግሞ ማሰናበቱ እጅግ ያስቸግራል። ይህን ጉዳት አቅልዬ አላየውም።

ቢሆንም ለመደበኛው ትምህርት ያለማመንታት ቋሚውን እመርጣለሁ። መምህር የሚቆየው ነገውን ሲያውቅ ነው። አንድ የዶክትሬት ተማሪን ማማከር ብዙውን ጊዜ ከ3 ዓመት በላይ ይወስዳል። ውሉ በዓመቱ መጨረሻ የሚያልቅ ሰው ይህን ኃላፊነት በምን ልቡ ይቀበላል? በየዓመቱ የሥራ ማመልከቻ ሲጽፍ የምርምር ጊዜው ያልቃል፤ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ተማሪው ግማሽ የደረሰ ጥናቱን ይዞ አዲስ አማካሪ ፍለጋ ይንከራተታል። ይህ ኪሳራ በየትኛውም የበጀት ሰነድ ላይ አይመዘገብም።