የአፍንጫ ማጠቢያ ጠርሙስና የአጃ ዱቄት

አበባ በሚፈነዳበት ወቅት አፍንጫዬ ይዘጋል፣ ዓይኔን ያሳክከኛል። ዘንድሮ አፍንጫ በጨው ውሃ የሚታጠብበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ገዛሁ። በጣም ወድጄዋለሁ! ብናኙን አጥቦ ያወጣል፤ እንደ አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖችም እንቅልፍ አያመጣም። ውሃው ግን የግድ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ያልፈላ የቧንቧ ውሃ አደገኛ ነው፤ እምብዛም ባይሆንም አንጎል የሚያጠቃ አሜባ በአፍንጫ ሊገባ ይችላል። ይህን የሚያህል ማስጠንቀቂያ ማሸጊያው ላይ በደቃቅ ፊደል መጻፋቸው አናዶኛል። አፉም ጠባብ ስለሆነ ለማጽዳት ያስቸግራል።

ለደረቀው ቆዳዬ ደግሞ የላመ የአጃ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ ገላዬን እነክርበታለሁ። ማሳከኩን ያስታግሳል። ከዚያ ቆዳዬ እርጥብ እያለ ቫዝሊን እቀባለሁ። ሎሚ ግን ፊታችሁን አትቀቡ፤ ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል።